ሁለቱ ጎተራዎች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በአንድ የነሐሴ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሻችን ተሰብስበን የዮሴፍን ታሪክ ስንማር ከባድ ዝናብ ወረደ። የክረምት ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ የመምህር ቃል እንደማይሰማ ሁላችንም እናውቃለንና ትምህርቱ ለጥቂት ጊዜ ቆመ። በዚያን ጊዜ ከፎገራ የመጣ አንድ ወንድማችን ወደ መስኮቱ ተጠግቶ፥ «የእኛ ቤት ሰዎች ዛሬ ሌሊት አይተኙም፤ ጉማራ ሞልቶ እንደሆነ እየተነሡ ሲያዩ ያድራሉ» አለን። ሌላው ወንድማችን ሊያጽናናው ፈልጎ፥ «እግዚአብሔር ያመጣውን ማን ይመልሰዋል? ዝም ብሎ መቀበል ነው» አለው። አንዲት እኅታችን ግን በዚህ አልተስማማችም። «ዝም ብሎ መቀበል ከሆነ ዮሴፍ ለምን ጎተራ ሠራ?» ብላ ጠየቀች። እርሱም መልስ አላጣም፤ «ጌታችን በወንጌል፥ ጎተራውን አፍርሶ ትልቅ ጎተራ ሊሠራ ያሰበውን ባለጸጋ ነቅፎት የለምን?» አላት።

ዝናቡ አባራ፤ ጥያቄው ግን አላባራም። መምህራችንም መልሱን እርሳቸው ከመስጠት ይልቅ እኛው ፈልገን እንድናመጣ አዘዙን። መጻሕፍትን አየን፤ አባቶችን ጠየቅን፤ ገበሬዎችንም አነጋገርን። ይህች ጽሑፍ ያገኘነውን ለእናንተ የምታካፍል ናት።

የዮሴፍ ጎተራ

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 41 እንደምናነበው ፈርዖን ሰባት የወፈሩና ሰባት የከሱ ላሞችን በሕልሙ አየ። ሕልሙን የፈታው ዮሴፍ ነው። ነገር ግን እናስተውል፤ ዮሴፍ ሕልሙን ፈትቶ ዝም አላለም። ራቡ እንደሚመጣ ከተናገረ በኋላ፥ በጥጋቡ ዘመን ከምድሪቱ ፍሬ አምስተኛው እጅ እንዲሰበሰብ፥ እህሉም በየከተማው እንዲከማች፥ ይህንን የሚቆጣጠሩ ሹማምንትም እንዲሾሙ መከረ። እግዚአብሔር ራቡን አስቀድሞ የገለጠው ሰዎች ቁጭ ብለው እንዲያለቅሱ አልነበረም፤ ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲሠሩበት ነው እንጂ። ራቡ አልቀረም፤ መጣ። የቀረው እልቂቱ ነው።

ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር እንማራለን። ድርቅ አንድ ነገር ነው፤ ራብ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ወንዝ መሙላቱ አንድ ነገር ነው፤ ቤተሰብ ዘርና ከብት አጥቶ መበተኑ ሌላ ነገር ነው። ዝናብን ማዝነብ ወይም ማቆም በሰው እጅ አይደለም። በድርቁና በራቡ መካከል ያለው ስፍራ ግን ለሰው የተሰጠ የሥራ ስፍራ ነው። በከተማችን በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የአደጋ ሥጋት አመራር ተብሎ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ የሚሰጠውም፥ በዚህ ስፍራ ላይ የሚሠራ ሥራ ነው።

ከክፉ ቀን የተማርነው

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በሀገራችን የደረሰውን መከራ አባቶቻችን ክፉ ቀን ብለውታል። በምጽዋ በኩል የገባው የከብት እልቂት በሽታ በሬዎቹን ፈጀ። ዝናብ ታጣ፤ አንበጣና ተምችም ተከተለ። እዚህ ላይ የምናስተውለው ነገር አለ። ዝናቡ ቢመለስስ በሬ ያለቀበት ገበሬ በምን ይረስ? ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ሕዝቡ ያለ በሬ እንዲቆፍርና እንዲዘራ አርአያ የሆኑት ስለዚህ ነው። የአንድ ዓመት ድርቅ የብዙ ዓመት ራብ የሚሆነው የሚቀጥለው ዓመት ማረሻና ዘር አብሮ ሲጠፋ ነው።

በ1966 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ የደረሰው ራብ እስኪከፋ ድረስ ተሸሽጎ ነበር። ከዚያ በኋላ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ይኸው ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ታላቅ ራብ እየመጣ መሆኑን አስጠንቅቆ እርዳታ ጠየቀ። የተናገረ ነበረ፤ ፈጥኖ የሰማ ግን አልነበረም። ዓለም የተንቀሳቀሰው የሰው እልቂት በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ፥ በ1977 ዓ.ም. ነው። አበው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

በአንጻሩ በ2008 ዓ.ም. ኤልኒኖ ባስከተለው ድርቅ ከ10 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ ወገኖቻችን የምግብ እርዳታ ፈለጉ። መከራው ከባድ ነበር፤ ብዙ ከብትም አልቋል። ሆኖም እንደ 1977 ዓ.ም. ያለ የሰው እልቂት አልታየም። ልዩነቱ ከሰማይ የመጣ አልነበረም። የተጠባባቂ እህል ክምችት ነበረ፤ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ችግረኞችን አስቀድሞ መዝግቦ ይዟቸው ነበር፤ መንገድም ተሠርቶ ነበር። እንግዲህ ጎተራ የሚባለው የእህል ቤት ብቻ አይደለም። መንገድም፥ መዝገብም፥ የሚሰማ ጆሮም ጎተራ ነው።

ገበሬው በሬውን ሲሸጥ

የዮሴፍን ታሪክ ብዙዎቻችን ምዕራፍ 41 ላይ እናቆመዋለን። ምዕራፍ 47ን ያነበበ ግን ሌላ የሚያሳዝን ነገር ያገኛል። ራቡ ሲጠና ግብፃውያን መጀመሪያ ገንዘባቸውን ሰጥተው እህል ገዙ። ገንዘቡ ሲያልቅ ከብቶቻቸውን ሰጡ። ከብቱም ሲያልቅ መሬታቸውንና ራሳቸውን ለፈርዖን ሸጡ። ነፍሳቸው ዳነች፤ ነገር ግን ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

ገበሬዎችን ስናነጋግር የሰማነው ይህንኑ ነው። ችግር በገባበት ቤት መጀመሪያ የሚሸጠው ዶሮና በግ ነው፤ ቀጥሎ ጊደሯ፤ በመጨረሻ በሬው። ሁሉም በአንድ ሳምንት ከብቱን ገበያ ሲያወጣ የከብት ዋጋ ይወድቃል፤ የእህል ዋጋ ግን ይወጣል። ስለዚህ የድሃው ገበሬ በሬ በርካሽ ይሄድና በምትኩ የሚያገኘው እህል ከጥቂት ሳምንት አያልፍም። በሬ የሌለው ደግሞ መሬቱን ለሌላ ያሳርሳል፤ ከምርቱም ያካፍላል። እንዲህ እያለ በቀጣዩ ዓመት ከቀድሞው የባሰ ድሃ ይሆናል። ስለዚህ እርዳታ መድረስ ያለበት በሬው ገበያ ከመውጣቱ በፊት ነው። ጎተራውም ለገበሬው ቅርብ፥ ቁልፉም እርሱ በሚያውቃቸው ሰዎች እጅ ቢሆን ይሻላል።

ውኃውና እኛ

አሁን ወደ ሐይቃችን እንምጣ። ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር አይበልጥም። ከደቡብ ግልገል ዓባይ፥ ከምሥራቅ ጉማራና ርብ፥ ከሰሜን መገጭ ይገቡበታል። በምሥራቅና በሰሜን ዳርቻ ያሉት የፎገራና የደምቢያ ሜዳዎች እንደ ገበታ ጠፍጣፋ ናቸው። ጉማራና ርብ ከጉና ተራራ ሲወርዱ የተራቆተውን ተዳፋት አፈር ይዘው ይመጣሉ፤ ሜዳው ላይ ሲደርሱ ይዘገያሉ፤ አፈሩም በወንዙ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል። ሆዱ የሞላ ወንዝ ደግሞ ውኃውን ወደ ማሳና ወደ መንደር ይተፋዋል። እንግዲህ ፎገራን ያጥለቀለቀው ጎርፍ የተጀመረው ጉና ላይ ዛፍ በተቆረጠበትና ተዳፋት በታረሰበት ቀን ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋንና የኦሞን አካባቢ ጎርፍ ሲያጠፋ፥ በፎገራና በሊቦ ከምከምም ብዙ ሺህ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል።

ከዚያ 3 ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ተቃራኒው ሆኖ ነበር። በ1995 ዓ.ም. ዝናብ በማነሱና በጨረጨራ በኩል ለኃይል ማመንጫ በወጣው ውኃ ምክንያት ሐይቁ እጅግ ጎደለ፤ ጀልባዎችም መንቀሳቀስ አቃታቸው። ውኃው የሸሸበትን ዳርቻ ሰዎች አረሱት፤ ደንገሉም ተመነጠረ። ታንኳ የሚሠራበት፥ ዓሣ የሚራባበትና ደለል የሚያጣራው ደንገል በጠፋ ቁጥር ዳርቻው ራቁቱን ይቀራል። ውኃ ግን የቀድሞ ስፍራውን አይረሳም። ዝናብ በመጣ ጊዜ ይመለሳል። በ2004 ዓ.ም. በሐይቃችን ላይ መኖሩ የተረጋገጠው እምቦጭም ከየማሳው ታጥቦ በሚመጣው አፈርና ማዳበሪያ ይሰባል። ችግሮቹ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው።

ይሁን እንጂ ጎርፍ ሁሉ ጥፋት ብቻ አይደለም። ጎርፉ ያመጣው ጥቁር አፈር ለም ነው። የፎገራ ገበሬ ውኃው ሲሸሽ በእርጥበቱ ላይ ሽምብራና ጓያ መዝራትን ከአያቶቹ ተምሯል። በደርግ ዘመን ደግሞ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝን በፎገራ አስተዋወቁ። ውኃ ተኝቶበት ሌላ እህል የማያበቅለው ማሳ ሩዝ አበቀለ። ዛሬ የፎገራ ሰው ሩዙን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ ይጋግርበታል፤ ጠላ ይጠምቅበታል፤ ገለባውን ለከብት ያበላል። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም በዚያው ተቋቁሟል። ውኃው ያው ውኃ ነው፤ የተለወጠው የሰው አሠራር ነው።

ጓያን በተመለከተ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ጓያ ድርቅንም ረግረግንም ይችላል፤ ስለዚህም በችግር ጊዜ የድሃ መሸሸጊያ ነው። ነገር ግን ሌላ ምግብ ታጥቶ ለወራት እርሱ ብቻ ሲበላ እግርን ሽባ ያደርጋል። በአካባቢያችንም በዚህ ምክንያት በምርኩዝ የሚሄዱ ወገኖች አሉ። አንድ ዓይነት እህል ብቻ የተደገፈ ቤት፥ አንድ ምሰሶ ብቻ እንዳለው ጎጆ ነው። አባቶቻችን ጤፉን፥ ዳጉሳውን፥ በቆሎውንና ሽምብራውን በየማሳው ማከፋፈላቸው ስንፍና ሳይሆን ጥበብ ነበር። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋልና።

አደጋን የምንሸከምበት ሌላው መንገድ መካፈል ነው። ዕድርና ደቦ ይህንን ያውቁታል። በ2001 ዓ.ም. በትግራይ አዲ ሃ በምትባል ቀበሌ 200 ያህል ቤተሰቦች የዝናብ መድን ገቡ። ዝናቡ ከተወሰነ ልክ በታች ከሆነ ካሣ ይከፈላቸዋል፤ ጥሬ ገንዘብ የሌለው ድሃ ደግሞ የመድኑን ክፍያ በእርከንና በመሰል ሥራ በጉልበቱ ይከፍላል። ሥራው ራሱ መሬቱን ስለሚጠብቅ ድሃው በአንድ ድካም ሁለት ጊዜ ይጠቀማል። ይህ አሠራር ከዚያች ቀበሌ ተነሥቶ ወደ ሌሎች ብዙ ስፍራዎች ደርሷል።

የባለጸጋው ጎተራ

አሁን ወደ ወንድማችን ጥያቄ እንመለስ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ያለው ባለጸጋ የተነቀፈው ጎተራ ስለ ሠራ ነውን? አይደለም። ንግግሩን ልብ ብለን ብናነበው ከራሱ በቀር ማንንም አላነሣም። እህሉ የእርሱ፥ ጎተራው የእርሱ፥ ነፍሱም የእርሱ መስሎት ነበር። ጎረቤት የለውም፤ ድሃ አያውቅም። ዮሴፍ ግን ለሕዝብ አከማቸ፤ በራቡም ቀን ከፈተ። ሁለቱም ጎተራዎች ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። የሚለያቸው ለማን ተሞሉ፥ መቼስ ተከፈቱ የሚለው ነው።

ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዘመን በቂሣርያ ዘቀጰዶቅያ ድርቅና ራብ በሆነ ጊዜ ስለዚህ ባለጸጋ ሰብኳል። እህል ሸሽገው ዋጋ እስኪወደድ ይጠብቁ የነበሩትን ገሠጻቸው፤ ጎተራቸውንም አስከፈተ። ራሱም ወገቡን ታጥቆ የተራቡትን መገበ። የስብከቱ ፍሬ በድስት ውስጥ ታየ።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 11 ደግሞ አጋቦስ የሚባል ነቢይ ታላቅ ራብ እንደሚሆን ተናገረ። የአንጾኪያ ደቀ መዛሙርት በሰሙ ጊዜ ምን አደረጉ? እያንዳንዳቸው እንደ አቅማቸው አዋጥተው በይሁዳ ላሉት ወንድሞች በበርናባስና በሳውል እጅ ላኩ። ማስጠንቀቂያውን ሰምተው ተነሡ እንጂ የሞተ እስኪቆጠር አልጠበቁም። ጌታችንም ዲያብሎስ ከመቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር በፈተነው ጊዜ እንቢ አለ። በአባቱ ስላልታመነ አልነበረም፤ አባትን መፈታተን እምነት ስላልሆነ ነው። ወንዝ ዳር ቤት ሠርቶ፥ ቦይ ሳይቀድዱ፥ ዘር ሳያስቀምጡ እግዚአብሔር ያውቃል ማለትም ከዚህ የራቀ አይመስለንም።

የአባቶቻችንም ኑሮ ይህንን ያስተምረናል። በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት የገዳሙ ሥርዓት በበሬ ማረስን ስለከለከለ ደኑ እስከ ዛሬ ቆሞ ሰዎች በቡናና በጌሾ ይኖራሉ። በደቡብ ጎንደር በተራቆቱ ኮረብታዎች መካከል አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ብዙውን ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። ምሕላ ያደረሱት አባቶች ዛፉንም ጠብቀዋል። ጸሎትና ሥራ በእነርሱ ዘንድ አልተጣሉም።

የራሳችን ጥፋት

ሌላውን ስንናገር የራሳችንን መሸሸግ አይገባንም። በአንድ የጎርፍ ዓመት እኛም እንደ ደንቡ ልብስና እህል ሰብስበን ነበር። መሰብሰብ የጀመርነው በመስከረም አጋማሽ ነው። እህሉን በአዳራሹ ጥግ በሲሚንቶ ወለል ላይ ከመርነው፤ ጣራው ያፈሳል፤ ማንም ኃላፊ አልነበረም። መኪና እስክናገኝ ኅዳር ገባ። ከረጢቶቹን ስንከፍት ከፊሉ ሻግቷል፤ ከፊሉን ነቀዝ በልቶታል። የተረፈውን ይዘን ሄድን። አንዲት እናት በደስታ ተቀብለውን ቡና አፈሉልን፤ መርቀውም ሲያበቁ፥ «ልጆቼ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያን ጊዜ አንድ ቁና የሽምብራ ዘር ባገኝ ኖሮ ጊደሬን አልሸጥም ነበር» አሉን። ውኃው ሸሽቶ መሬቱ እርጥብ የነበረው ለጥቂት ሳምንት ብቻ ነበር። ያ እርጥበት ሳያልፍ ዘር ለመግዛት ጊደራቸውን አውጥተው ሸጡ። እኛ በኅዳር ይዘንላቸው የሄድነው አሮጌ ልብስ ነው።

ያን ዕለት ስንመለስ በመኪናው ላይ መዝሙር አልተዘመረም። ልባችን ቸር ነበር፤ ነገር ግን ቸርነታችን ዘገየ፤ የሚያስፈልጋቸውንም አልጠየቅንም። አበው ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ ይላሉ። ይህ ቃል ለእኛ የተነገረ ሆኖ ተሰማን።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ስለዚህ በጋራ መክረን የሚከተለውን አሰብን። እናንተም እንድትጨምሩበት እንለምናለን።

አንደኛ፥ በጥር አውድማ ሲወቃ ከገጠር የመጣን አባላት እያንዳንዳችን አንድ ቁና ዘር እናምጣ፤ የከተማ ልጆችም በዋጋው ልክ እናዋጣ። ዘሩ በደንብ ደርቆ ከወለል ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ይቀመጥ። ቁልፉ በ3 ሰዎች እጅ ይሁን፤ አንዱም ጎርፍ ከሚያጠቃው መንደር ይሁን።

ሁለተኛ፥ በግንቦት ዝናብ ሳይጠና በየመንደሩ ማን አቅመ ደካማ እንደሆነ፥ ማን ብቻውን እንደሚኖር፥ ማን ወንዝ ዳር እንዳለ እንመዝግብ። ጎርፍ በሌሊት ሲመጣ መዝገብ መጻፊያ ጊዜ የለም። በዚያው ወር ለእነርሱ የሚሆን ቦይ በደቦ እንቅደድ።

ሦስተኛ፥ የሜትሮሎጂ ትንበያ በሬዲዮ ሲነገር የሚሰማና ለገበሬው የሚያደርስ ተረኛ ይኑረን። ካህናት አባቶችም ቢፈቅዱ፥ ወንዝ ሲሞላ የሚደወል፥ ከቅዳሴው ደወል የተለየ የደወል ምልክት እንዲኖር እንለምናቸው።

አራተኛ፥ ወንዝ ዳር ዛፍና ሣር እንትከል፤ የተተከለውንም እስኪጸድቅ እንንከባከብ። እምቦጭ የማስወገድ ጥሪ ሲመጣ የሰንበት ተማሪ ከኋላ አይገኝ።

«ዝም ብሎ መቀበል ነው» ያለው የወንድማችን ቃልም ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። ይህን ሁሉ ካደረግን በኋላም ከአቅማችን በላይ የሆነ ውኃ ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ በትዕግሥት መቀበል የክርስቲያን ሥራ ነው። ነገር ግን ልንሠራው የሚገባንን ሳንሠራ የምንቀበለው መከራ ትዕግሥት አይባልም፤ በተለይም መከራው የሚወድቀው በእኛ ላይ ሳይሆን ጊደራቸውን በሸጡት እናት ላይ ሲሆን።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ሁለት ጎተራዎች ፊታችን ቆመዋል። አንዱ ለራስ ብቻ የተሞላ ነው፤ ባለቤቱ በዚያችው ሌሊት ትቶት ይሄዳል። ሌላው በጥጋብ ቀን ለራብ ቀን፥ በእኛ እጅ ለጎረቤት የተሞላ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤታችን ጥግ ያለው ስፍራ ዛሬ ባዶ ነው። የሽምብራው አውድማም ሩቅ አይደለም።

የዮሴፍ አምላክ ማስተዋልን ይስጠን፤ ዝናባችንን የበረከት፥ ወንዞቻችንን የሰላም ያድርግልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።